ስደተኛ ወፎችንና ነፍሳትን በአጭር የእግር ጉዞ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ስደተኛ ወፍ ለማየት ሩቅ መጓዝ አያስፈልግም፤ ሩቁን መንገድ ተጉዛ የመጣችው እሷ ናት። ባርን ስዋሎ የምትባለው ጅራቷ የተሰነጠቀ ወፍ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። አውሮፓ ውስጥ ተፈልፍላ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ትወርዳለች፤ ወቅቱ ሲደርስም ያንኑ ያህል ተጉዛ ትመለሳለች። ፔይንትድ ሌዲ የተባለችው ቢራቢሮ ሰሃራን ታቋርጣለች። እነዚህ መንገደኞች በየመሃሉ ወርደው መብላት፣ መጠጣትና ማረፍ አለባቸው። የሚያርፉበትም ቦታ የአጥር ጥግ ቁጥቋጦ፣ የኳስ ሜዳ፣ ዝናብ ያቆረው ውሃ ወይም የመብራት ሽቦ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ብዙ ሰው ለምን አያያቸውም? አንድ ቀን ወጥቶ፣ የተወሰኑ ወፎች አይቶ ስለሚመለስ ነው። ስደት በአንድ ቀን አይታይም። የሚታየው በትናንትና በዛሬ መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ትናንት ያልነበረው ዛሬ ሲገኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ የነበረው ደግሞ አንድ ጠዋት ሲጠፋ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያጠነጥነው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አንድ አጭር መንገድ መርጦ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ መሄድ።

ደረጃ 1፦ መንገዱን ይምረጡ

ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። እየቆሙ በቀስታ ሲሄዱት ደርሶ መልሱ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። ከውበቱ ይልቅ ቅርበቱን ይመልከቱ፤ ከቤት ወይም ከሥራ ቦታ የራቀ መንገድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዱበትና ይተዉታል።

መንገዱ ሦስት ነገር ቢኖረው ይመረጣል። አንደኛው ትንሽም ቢሆን ውሃ፣ ሁለተኛው ቁጥቋጦ ወይም ዛፍ፣ ሦስተኛው ሰማዩ በሰፊው የሚታይበት ገላጣ ቦታ ነው። ሦስቱንም ካላገኙ ዛፉና ገላጣው የሚገናኙበትን ዳርቻ ይምረጡ። ምግቡም መሸሸጊያውም እዚያው ጎን ለጎን ስላለ የደከመ መንገደኛ የሚያርፈው ብዙውን ጊዜ በእንዲህ ያለ ቦታ ነው። በመንገዱ ላይ ሦስት ማቆሚያዎች ይለዩና ሁልጊዜም እነዚያው ቦታዎች ላይ ይቁሙ።

የስደቱ ወቅት ከመግባቱ በፊት መንገዱን ጥቂት ጊዜ ይመላለሱበት። ዓመቱን ሙሉ ከአካባቢው የማይለዩትን አሥር ያህል ወፎች በመልክም በድምፅም ይወቁ። ነዋሪውን የማያውቅ ሰው እንግዳውን ሊለይ አይችልም። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ዘለው በቀጥታ ወደ ብርቅዬው ወፍ ፍለጋ ይገባሉ፤ በእኔ እምነት ግን ከሥራው ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ ወቅቱን፣ ሰዓቱንና አየሩን ያንብቡ

በሰሜን ንፍቀ ክበብ የሚራቡት ወፎች ወደ ደቡብ የሚወርዱት በአብዛኛው ከነሐሴ እስከ ኅዳር ነው፤ ወደ ሰሜን የሚመለሱት ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት። በምድር ወገብ አካባቢ ዝናብን ተከትለው ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩም አሉ። የእነሱ ቀን መቁጠሪያ ዝናቡ ነው፤ ስለዚህ ዝናብ የገባበትንና የወጣበትን ሳምንት ልብ ይበሉ።

አብዛኞቹ ትናንሽ ነፍሳት በል ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው። በሌሊት አየሩ ቀዝቃዛና የተረጋጋ ነው፤ ቀን የሚያድናቸው ጭልፊትም የለም። ጎህ ሲቀድ ተርበው ይወርዳሉ፤ ወዲያውም መብላት ይጀምራሉ። ስለዚህ ትንንሾቹን ለማየት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ተወዳዳሪ የላቸውም።

ሽመላ፣ ንስርና ጭልፊት የመሳሰሉት ትልልቅ ወፎች ጉዞ ከዚህ የተለየ ነው። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ በሞቃት አየር ላይ እየዞሩ ከፍ ይላሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው እየተንሸራተቱ ሌላ ሞቃት አየር ወዳለበት ይወርዳሉ። ለዚህ ደግሞ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ አለባት። እነሱን ለማየት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ገላጣው ቦታ ላይ ቆመው ሰማዩን መቃኘት ነው። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማይበቃቸው ሰፊ ባሕር ማቋረጥ አይወዱም፤ ባሕሩ በሚጠብባቸው እንደ ጊብራልታር፣ ቦስፎረስ፣ ስዊዝና ባብ ኤል መንደብ ባሉ ቦታዎች ተጨናንቀው የሚያልፉት ለዚህ ነው።

አየሩ ደግሞ ከሰዓቱ ባልተናነሰ ይወስናል። ከኋላ የሚገፋ ነፋስና ጥርት ያለ ሌሊት ወፎቹን ያስነሣቸዋል፤ ዝናብና ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ ያወርዳቸዋል። ሌሊት ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ካባራ፣ ሌላውን ሥራ አቆይተው ይውጡ፤ በረራቸው የተቋረጠባቸው ወፎች በየቁጥቋጦው ይገኛሉ። ሰማዩ ጠርቶ ካደረም ይውጡ፤ ያን ጠዋት የሚቆጥሩት የሄዱትን ነው።

ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ ማታ ከደጃፍ ሆነው የርቀት መነጽርዎን ወደ ጨረቃዋ ያነጣጥሩ። በስደት ወቅት ታግሠው ካዩ ትናንሽ ጥቁር ቅርጾች ብርሃኑን አቋርጠው ያልፋሉ። የሌሊቱን ጉዞ ያለ ራዳር በዓይን ማየት የሚቻልበት መንገድ ይህ ብቻ ነው ለማለት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ዕቃ

ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ ውሃና ኮፍያ ይያዙ፤ ልብስዎ ደማቅ ቀለም ባይሆን ይሻላል። የርቀት መነጽር ከገዙ 8×42 የሚለው መጠን ለእግር ጉዞ ተስማሚ ነው። 8 የሚያጎላበት እጥፍ ነው፤ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር። ከዚህ በላይ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉን አብሮ ያንቀጠቅጠዋል። ከ2 ሜትር ቅርበት ጀምሮ አጥርቶ የሚያሳይ ከሆነ ቢራቢሮዎቹንም ሳያስደነግጡ ለማየት ይጠቅማል።

ወፏን ሲያዩ ዓይንዎን ከእሷ ላይ ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይንዎ ያምጡ። ጎንበስ ብሎ መነጽር የፈለገ ሰው ቀና ሲል ወፏ የነበረችበት ጠፍቶት ያገኘዋል። በመነጽሩ ፀሐይን በፍጹም አይመልከቱ፤ ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል።

ደረጃ 4፦ ሲሄዱ ወፎቹን ይመልከቱ

ጠዋቱ የወፎች ስለሆነ የጉዞውን የመጀመሪያ አጋማሽ ለእነሱ ይስጡ። ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይሂዱ። በየማቆሚያው አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቁሙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ደቂቃዎች ወፎቹ እርስዎን የሚለማመዱበት ጊዜ ስለሆነ ምንም ባያዩ አይቸኩሉ። ከስም በፊት ጠባይን ይመልከቱ። ወፏ መንገደኛ መሆኗን የሚናገሩ ምልክቶች አሉ።

የመጀመሪያው አበላሏ ነው። መንገደኛ ወፍ ያለማቋረጥ ትበላለች። አንዳንድ ትናንሽ ወፎች በረሃ ወይም ባሕር ከማቋረጣቸው በፊት በስብ ብቻ ክብደታቸውን እጥፍ ሊያደርሱ ይችላሉ፤ ይህ ሁሉ የሚሰበሰበው በየማረፊያው ነው። ዊሎው ዋርብለርን ይመልከቷት። 10 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ፣ ደረቷ ወደ ቢጫ የሚያደላ ወፍ ናት። ቅጠል ሥር ገብታ ትወጣለች፤ ትንሽ ተንሳፍፋ ትል ትለቅማለች፤ ወዲያው ወደሚቀጥለው ቅርንጫፍ ትዘላለች። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ጥቂት ሰኮንድ እንኳ አትቆይም። አጠገቧ ያለችው ነዋሪ ወፍ ግን ትዘምራለች፣ ላባዋን ታበጥራለች፣ ሌላውን ከግዛቷ ታባርራለች። ሁለቱን በአንድ ዛፍ ላይ ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን አይረሳም።

ሁለተኛው ያለቦታዋ መገኘቷ ነው። የውሃ ዳር ወፍ በመኪና መንገድ ዳር ባቆረ ውሃ፣ የጫካ ወፍ በአጥር ላይ ስትገኝ መንገድ ላይ ናት ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ኮመን ሳንድፓይፐር የምትባለው ቡናማና ነጭ ወፍ ትንሽ ውሃም ይበቃታል፤ ስትራመድ የኋላ አካሏን ሳታቋርጥ ወደ ላይና ወደ ታች ታወዛውዛለች፤ በዚህ ብቻ ከሩቅ ትለያለች። ቢጫ ዋግቴይልን ደግሞ የሚግጡ ከብቶች እግር ሥር ይፈልጓት። ከብቶቹ ሲራመዱ ከሣሩ የሚነሡትን ነፍሳት እየተከተለች ትለቅማለች።

ሦስተኛው ምልክት አቅጣጫ ነው። ከላይዎ የሚያልፉት ወፎች በተለያየ አቅጣጫ ከተበታተኑ የዕለት ምግባቸውን ፍለጋ ላይ ናቸው። መንጋ በመንጋ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ካለፉ ግን እያዩ ያሉት ስደት ነው።

ሽቦ ላይ የተደረደሩ ስዋሎዎች ካገኙ ሳይቸኩሉ ቆመው ይመልከቷቸው። ግንባሯና ጉሮሮዋ የሸክላ ቀይ፣ ጀርባዋ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ሰማያዊ ከሆነና ከቀዩ በታች ደረቷን የሚያቋርጥ ጥቁር መቀነት ካላት ባርን ስዋሎ ናት። ጅራቷን ልብ ይበሉ። ቀጫጭኖቹና ረጃጅሞቹ የጫፍ ላባዎች አጥረው ወይም አንዱ ጎድሎ ካዩ፣ ወፏ ላባዋን እየቀየረች ወይም ገና ልጅ ሆና ይሆናል። ባርን ስዋሎ ላባዋን የምትቀይረው በአብዛኛው ከመራቢያዋ ርቃ በምትከርምበት አገር ስለሆነ፣ ያ የጎደለ ጅራት የዓመቱን ጉዞዋን ይነግርዎታል።

ስዊፍትን ከስዋሎ ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። ስዊፍት ክንፏ እንደ ማጭድ የታጠፈ ሲሆን ሽቦ ላይ አትቀመጥም፤ እግሯ ለዚያ አልተሠራም። የስዊድኑ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ አንዳንድ ኮመን ስዊፍቶች ከመራቢያቸው ርቀው የሚቆዩባቸውን 10 ወራት ምንም ሳያርፉ አየር ላይ ያሳልፋሉ። ስለዚህ የተቀመጠች ካዩ፣ ስዊፍት አይደለችም ብለው ይጀምሩ።

ስሙን ለማወቅ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ላብራቶሪ በነፃ የሚያቀርበው መርሊን የተባለ የስልክ መተግበሪያ በመልክም በድምፅም ይረዳል። የሚሰጠውን መልስ ግን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ፍርድ አይቀበሉት። ወፏን በዓይንዎ ሳያዩ የድምፅ ውጤቱን ብቻ ይዘው አይመዝግቡ።

ደረጃ 5፦ ሲመለሱ ነፍሳቱን ይመልከቱ

ነፍሳት ለመብረር ሙቀት ይፈልጋሉ። ፀሐይ ከፍ ስትልና ወፎቹ ጸጥ ማለት ሲጀምሩ የእነሱ ሰዓት ይገባል፤ በመጡበት መንገድ ሲመለሱ ዓይንዎን ከዛፉ ጫፍ ወደ አበባውና ወደ ሣሩ ያውርዱ። ብዙ ወፍ ተመልካች ይህን ግማሽ ይተወዋል፤ እኔን የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። በቁጥር ከተነሣማ ነፍሳቱ ይበልጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ የራዳር ጥናት በደቡባዊ እንግሊዝ ሰማይ ላይ ብቻ በዓመት ከ3 ትሪሊዮን በላይ ነፍሳት እንደሚያልፉ ገምቷል።

ቢራቢሮ መንገደኛ መሆኗን ለማወቅ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ገላጣው ቦታ ላይ ሁለት ምልክት ይምረጡ፤ ለምሳሌ አንድ ምሰሶና አንድ ዛፍ። በመካከላቸው መስመር እንዳለ ያስቡና ለአሥር ደቂቃ መስመሩን የሚያቋርጡትን ቢራቢሮዎች ይቁጠሩ። ከግራ ወደ ቀኝ ያለፉትን በአንድ በኩል፣ ከቀኝ ወደ ግራ ያለፉትን በሌላ በኩል ይጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ቢራቢሮዎቹ የአካባቢው ናቸው። በአንድ ወገን 20፣ በሌላው 2 ከሆነ ግን ጉዞ ላይ ናቸው። ትንሽ ደረቅ ሣር ወደ ላይ በትነው የነፋሱን አቅጣጫም ይመዝግቡ፤ በነፋስ የተገፋችውን በራሷ መንገድ ከምትሄደው ለመለየት ይረዳል።

አበራረራቸውም ይለያል። ነዋሪ ቢራቢሮ ትዞራለች፣ ትመለሳለች፣ ሌላዋን ታባርራለች። መንገደኛዋ ከጉልበት ብዙም ከፍ ሳትል ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግድግዳ ሲገጥማት ዙሪያውን አትሄድም፤ ሽቅብ ወጥታ በላዩ ታልፍና እንደገና ዝቅ ብላ መስመሯን ትቀጥላለች። ይህን አንድ ጊዜ ካዩ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ባለበት ቦታ ሁሉ ይጠብቁታል።

በብዙ የዓለም ክፍል ልታገኟት የምትችሉት ስደተኛ ቢራቢሮ ፔይንትድ ሌዲ ናት። ክንፏ ብርቱካናማ ነው፤ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው። ክንፏን ስታጥፍ በታችኛው ገጽ ዓይን የሚመስሉ ትናንሽ ክቦች ይታያሉ። በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል ያለውን ደርሶ መልስ አንዷ ቢራቢሮ አትጨርሰውም፤ ተከታታይ ትውልዶች እየተቀባበሉ ይጨርሱታል። ለረጅም ጊዜ ወደ ሰሜን የወጡት እዚያው የሚያልቁ ይመስል ነበር፤ ሲመለሱ ያያቸው ሰው አልነበረምና። እ.ኤ.አ. በ2009 ብዛት ያላቸው ቢራቢሮዎች ወደ አውሮፓ ሲገቡ በራዳርና በብዙ ሺህ ተመልካቾች ማስታወሻ የተደረገው ክትትል ምክንያቱን ገለጠ፤ ወደ ደቡብ ሲመለሱ በአማካይ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው በነፋስ ነው የሚሄዱት። እርስዎም በአንዱ ወቅት አይተው በሌላው ካጡ ጠፍተዋል ብለው አይደምድሙ።

ውሃው አጠገብ ሲደርሱ ቀጭን ረጅም ሰውነትና አራት ብርሃን የሚያሳልፉ ክንፎች ያሏቸውን ድራጎንፍላዮች ይፈልጉ። ከመካከላቸው ግሎብ ስኪመር የተባለው፣ ሰውነቱ ወደ ወርቃማ ቢጫ የሚያደላው፣ ዝናብ ያቆረው ጊዜያዊ ውሃ ውስጥ ይራባል፤ ውሃው ሳይደርቅ ቶሎ አድጎ ይነሣል። ከዝናብ ነፋስ ጋር ይጓዛል፤ የወንዝ ውሃ በሌለባቸው የማልዲቭ ደሴቶች ላይ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በብዛት መድረሱ የሕንድ ውቅያኖስን እንደሚያቋርጥ ያስገነዘበው ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ በቡድን ሆኖ ሳያርፍ ሲንሳፈፍ ካዩት ሰማዩንም ይመልከቱ፤ ዝናብ ተከትሎት ሊመጣ ይችላል።

አበባ ላይ ንብ የመሰለች ነገር ካዩ ክንፏን ይቁጠሩ። ንብ አራት ክንፍ አላት፤ ሁለት ክንፍ ብቻ ካላትና አየር ላይ ቀጥ ብላ መቆም የምትችል ከሆነ ሆቨርፍላይ የምትባል ዝንብ ናት፤ አትናደፍም። አንዳንዶቹ የሆቨርፍላይ ዝርያዎች የተራራ ሰንሰለትና ባሕር አቋርጠው ይሰደዳሉ። የብዙዎቹ እጮች የሰብል ጠላት የሆነውን ክሽክሽ ይበላሉ፤ ካደጉ በኋላ ደግሞ አበባ ያዳቅላሉ። የሚያልፉበት እርሻ ሁሉ ይጠቀማል።

የበረሃ አንበጣም ስደተኛ ነው፤ መንጋው በቀን 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊጓዝ ይችላል። ገና ያልበሰሉና ወደ ሮዝ ቀለም የሚያደሉ ወይም ደማቅ ቢጫ የሆኑ አንበጦች በቡድን ካዩ ፎቶ አንሥተው፣ ቦታውንና የሄዱበትን አቅጣጫ ይዘው በዚያው ቀን ለግብርና ባለሙያ ያሳውቁ።

ደረጃ 6፦ ይመዝግቡ፣ ዜሮውንም ጭምር

ቀኑን፣ የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት፣ ነፋሱን፣ ደመናውን፣ ያዩትን ዓይነትና ቁጥር፣ የሄዱበትን አቅጣጫ ይጻፉ። ስሙን ካላወቁ መልኩንና ጠባዩን ይጻፉ፤ በግምት የተጻፈ ስም ከባዶ ቦታ የከፋ ነው።

ያላዩትንም ይጻፉ። «ስዋሎ፦ 0» የሚለው መስመር ተከታትሎ ሲጻፍ ቆይቶ አንድ ቀን «ስዋሎ፦ 14» ሲሆን፣ የመድረሻውን ቀን በእርግጠኝነት ያዙ ማለት ነው። ዜሮዎቹ ባይኖሩ ወፎቹ ከዚያ በፊት ስላልመጡ ይሁን እርስዎ ስላልወጡ ማወቅ አይቻልም ነበር። የመጨረሻዋን ወፍ ቀን መያዝ ከመጀመሪያዋ ይከብዳል፤ መጨረሻ መሆኗ የሚታወቀው ከሄደች በኋላ ነውና በየጉዞው መቁጠርን አያቋርጡ።

እነዚህ ቀኖች ዛሬ ትልቅ ዋጋ አላቸው። ሙቀቱ ሲጨምር ወፎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚመግቡበት አባጨጓሬ ቀድሞ ይፈለፈላል፤ ከሩቅ የሚመጣው ወፍ ግን ሁልጊዜ አብሮ አይቀድምም፤ በኔዘርላንድስ ፓይድ ፍላይካቸር በተባለችው ወፍ ላይ የታየው ይኸው ነው። የወፎቹን መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2002 በተጀመረው ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ፣ የነፍሳቱን ፎቶ ደግሞ አይናቹራሊስት በተባለው የተፈጥሮ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ ቢያስገቡ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል።

ደረጃ 7፦ አያስቸግሯቸው

እየበላች ያለችን መንገደኛ ማስነሣት ለሌሊቱ ጉዞ ያጠራቀመችውን ማባከን ነው። ስለዚህ ቁጥቋጦ አይነቅንቁ፣ ፎቶ ለማንሣት ብለው አያሳድዱ፣ የወፍ ድምፅ በስልክ እያጫወቱ አይጥሩ። ወፏ መብላቷን ትታ ወደ እርስዎ ማየት ከጀመረች በጣም ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይመለሱ። በስደት ወቅት የማያስፈልግ የውጭ መብራት ማታ ማጥፋትም ሌሊት የሚበሩትን መንገድ ከመሳት ያድናል።

እግሯ ላይ ቀለበት ያላት ወፍ ካጋጠመችዎ አይያዟት። ከርቀት ፎቶ ያንሡ፤ ቀለበቶቹ ባለቀለም ከሆኑ በየትኛው እግር ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በምን ቅደም ተከተል እንዳሉ ይጻፉ። በወፍ እግር ላይ ቁጥር ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ማሰር በሥርዓት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1899 በዴንማርክ ሲሆን፣ የጀመረውም ሐንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የተባለ መምህር ነው። ቀለበቱ ላይ ካለው ቁጥር ጋር የድርጅቱ አድራሻ ይጻፋል፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ለዚያ አድራሻ ይላኩ። ብዙውን ጊዜ ወፏ የት፣ መቼና በስንት ዓመቷ እንደታሰረች የሚገልጽ መልስ ይመጣልዎታል። ወፏ ሞታ ካገኟት ግን የወፍ ጉንፋን ሊኖርባት ስለሚችል በባዶ እጅ አይንኳት፤ ቁጥሩን በፎቶ ይውሰዱ፤ በአንድ ቦታ ከአንድ በላይ የሞቱ ወፎች ካዩ ደግሞ ለእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ።